ደጅ የቆመውን ያስገባሁበት ሐሙስ

«እምዬ፣ የዚያን ሐሙስ ነገር አንቺ ራስሽ ንገሪን» አሉኝ ልጆቹ። ልጆች እላለሁ እንጂ አሁን መኪና የሚነዱ፣ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሆነዋል። ያን ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ላይ በየትንንሽ ሳጥናቸው ተደርድረው፣ የወለቀ ጥርሳቸውን እያሳዩኝ ተረት የሚሰሙኝ ነበሩ። ከፊሎቹ ያን ቀን የሆነውን አይተዋል። ከፊሎቹን እናቶቻቸው ፈጥነው ዘግተውባቸዋል። ያየውም ያላየውም እኩል ሲረበሽበት ኖሯል። ስለዚህ እነግራችኋለሁ። እኔ ስናገር የልጅ ልጄ ሀናን ትጽፋለች። ወዲያ ወዲህ ካልኩ መልሺኝ ብላት «ኖ እምዬ፣ እንዳወራሽው ነው የምጽፈው» ብላኛለች።

ዘሀራ እባላለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት በአጥሩ ሥር አልፌ አውቃለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። አባቴ አባጋር ነበር። አባጋር ማለት በእኛ አገር ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል። የገዳይ ወገን ጠዋት መጥቶ ያለቅስለታል፣ የሟች ወገን ከሰዓት መጥቶ ይዝትበታል። እሱ ሁለቱንም ይሰማል። የአንዱን ለሌላው አያወራም፤ ልባቸው እስኪለሰልስ በሆዱ ይዞ ይቆያል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከደሴ መርካቶ፣ ከመርካቶ ጅዳ ሰው ቤት፣ ከጅዳ ደግሞ ልጄ ሰዓዳ ወዳለችበት ወደ ቴክሳስ፤ እግሬ አንድ ቦታ ሳይረጋ ነው ያረጀሁት። የአባቴን ነገር ግን የትም ይዤው ዞርኩ።

ሰዓዳ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ነው የምትኖረው። ነርስ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ልጆቿን ሀናንንና ቢላልን ራሷ ቤት ውስጥ ነው የምታስተምራቸው። መጀመሪያ ስሰማ ተቆጥቼ ነበር።

«እኔ ትምህርት ቤት አጥቼ ቀረሁ፤ አንቺ አውቶቡስ ደጅሽ ድረስ እየመጣ ልጅ ታስቀሪያለሽ?»

«እማ፣ አላስቀረሁም። ትምህርት ቤቱን ነው ወደ ቤት ያመጣሁት» አለችኝ።

እንደሷ የሚያስተምሩ ሰባት ቤተሰብ ነበሩ። አራቱ ክርስቲያን፣ ሦስቱ እስላም። አንዱ ኧርቪንግ፣ አንዱ አዲሰን፣ አንዱ ፎርት ዎርዝ፤ ከአንዱ ቤት አንዱ ቤት በሀይዌይ ስንት ደቂቃ። ስለዚህ በኮምፒውተር ተሰባሰቡ። ሁሉም የሚጽፉበት አንድ ደብተር አላቸው፤ አንዷ እቤቷ ሆና ስትጽፍ ሌላዋ እቤቷ ሆና ፊደሉ ሲወጣ ታየዋለች። ሰዓዳ ሳይንስ ታስተምራለች፣ ፎርት ዎርዝ ያለው ኢንጂነር አባት ሒሳብ፣ ጽዮን የምትባለው እናት ሥዕል። ለእኔ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተሰጠኝ። አማርኛ። ሀናን የእኔን ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ ሐምራዊ ቀለም ቀባችልኝ፣ ማንበብ ስለማልችል በቀለሙ እንድለየው። በሕይወቴ ሰው «አስተማሪ» ሲለኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሻሼን እየቀየርኩ እቀመጥ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሰዓዳ ከሥራ ገብታ ላፕቶፑን ትከፍትልኝና ትተኛለች። ሰው ወደ ክፍሉ መግባት ሲፈልግ ከላይ ብቅ ይላል፤ ውጪ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ሰማያዊዋን ምልክት ስጫን ይገባል። «እማ፣ የማታውቂው ስም ከመጣ እንዳታስገቢ» ብላኝ ነበር። ስሙን በምን አንብቤው? «አላነብም እኮ» ማለት አፍሬ «እሺ» አልኳት። ደግሞም ሰው ደጅ አቁሞ ማንነቱን መመርመር ለእኔ ነውር ነው፣ በእኛ ቤት ተደርጎ አያውቅም። የቆመውን ሁሉ አስገባ ነበር።

አሁን ስለ ጽዮን ልንገራችሁ፣ ነገሩ የሷ ነውና። አዲሰን አፓርታማ ተከራይታ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ሩት ዘጠኝ ዓመቷ፣ ልድያ ስድስት። ከባሏ ሸሽታ ነው። ሁለት ጊዜ አጥንቷን ሰብሮባታል፤ ዳኛ እንዳይጠጋት ከልክሎታል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያላስገባችው እሱ በየትምህርት ቤቱ በር እየቆመ ስለሚፈልጋቸው ነው። ከሰባቱ ቤተሰብ ቤቷን የምታውቀው ዕቃዋን ያመላለሰችላት ሰዓዳ ብቻ ነበረች፤ ለእኔም አልነገረችኝም። ግን መሸሿን፣ መመታቷን፣ መደበቋን ነግራኛለች። አላወቅሁም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

አንድ ሐሙስ ልጆቹ ሳይመጡ አንድ ሰው ቀድሞ ደጅ ቆመ። ተጫንኩ፣ ገባ። ጎልማሳ፣ ጺሙ ያልተላጨ፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የሩትና የልድያ አባት ነኝ። ሰለሞን።»

ልዘጋው እጄን ሰነዘርኩ፤ የትኛው እንደሚዘጋው ግን አላውቅም።

«አይዝጉብኝ እማማ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ። ድምፃቸውን ብቻ ልስማ። መልኬ አይታይም፣ ድምፄም አይሰማም፣ ሁሉንም አጠፋለሁ። ሳላያቸው ሰባት ወር ሆነኝ።»

«መንገዱን ማን ሰጠህ?»

«አሮጌው ታብሌታቸው እኔ ጋ ቀርቷል። የክፍሉ ሊንክ እስካሁን እዚያ ይመጣል።»

«መትተሃታል አይደል?»

«መትቻለሁ» አለ። አልካደም። ዓይኑ ሞላ። «አጥፍቻለሁ እማማ። እዚህ አገር ፖሊስ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ሽማግሌ ግን የለም። ማን ፊት ሄጄ ልውደቅ?»

ይህች ቃል ያዘችኝ። ሽማግሌ አጣሁ የሚል ሰው አባቴ ደጅ ሲመጣ ይታየኛል። በልቤ እንዲህ አልኩ፦ ጥቂት ሐሙስ ልጆቹን ይስማ፣ ልቡ ይለስልስ፤ ከዚያ ለጽዮን ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እስከዚያ በሆዴ ልያዘው። ለሰዓዳም አልነገርኩም። ሌሎቹ ሲገቡ አንድ ጥቁር ሳጥን ከመሃላቸው ተቀምጧል። ከእናቶቹ አንዷ «እማማ ዘሀራ፣ ይሄ ማነው?» ስትለኝ «የእኔ እንግዳ ነው፣ አውቀዋለሁ» አልኳት። አመነችኝ። ጽዮን በዚያ ሰዓት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የስልክ ሥራዋን ነው የምትሠራው፤ ክፍላችንን አታይም። ልጆቿን ለእኔ አምና ትታለች።

በሦስተኛው ሐሙስ ቀድሞ ገብቶ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ከመስኮታቸው ምን እንደሚያዩ ይጠይቁልኝ። የሚያዩትን ባውቅ አጠገባቸው የተቀመጥኩ ይመስለኛል።»

ምስኪን አባት አልኩ። ደግሞም ጥሩ ትምህርት ሆኖ ታየኝ።

«ዛሬ እያንዳንዳችሁ በመስኮት የምታዩትን በአማርኛ ትነግሩኛላችሁ» አልኳቸው።

ቢላል ቀደመ። «ፓርኪንግ ሎት። ብዙ መኪና። አንድ ድመት መኪና ላይ ተኝታል።»

«ተኝቷል በል።»

«ተኝቷል። ፋት ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ተራው ሩት ጋ ደረሰ።

«ሩቴ፣ ምን ይታይሻል?»

«ማሚ ለሰው አትናገሪ ብላኛለች።»

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? እምዬ ነኝ እኮ!»

ሩት ራሷን ነቀነቀች። ትንሿ ልድያ ግን እህቷን ገፍታ ገባች። «እኔ! እኔ እምዬ! ትንንሽ ኤርፕሌን ይወርዳል፣ በጣም ቅርብ! ደግሞ ሬስቶራንቱ ላይ ትልቅ ቀይ ኮፍያ አለ፣ ላይት አለው!»

«ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብዬ አጨበጨብኩላት።

ሰውዬው ሹፌር ነው። ሰው ከኤርፖርት እያመላለሰ ዳላስን እንደ ኪሱ ያውቃታል። ትንንሽ አውሮፕላን የት እንደሚወርድ፣ ቀዩ ኮፍያ የየትኛው ምግብ ቤት እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ እሱ ያውቃል። እኔ በእጄ እያጨበጨብኩ አድራሻዋን ሰጠሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀድሞ አልመጣም። ጥቁሩ ሳጥንም የለም። ምን ሆኖ ይሆን፣ ታሞ ይሆን ብዬ እንኳ አስቤለት ነበር። ተረት ጀመርኩ። ልድያ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ ፖም ትበላለች። የጽዮን ኮምፒውተር ምግብ ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ከልጆቹ ኋላ ሳሎኑም በሩም ይታየኛል። ጽዮን ከጥግ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ማዳመጫዋን አድርጋ ትሠራለች።

በሩ ሲመታ መጀመሪያ የሰማችው ሩት ናት። ዞር አለች። ሁለተኛው ምት ሲመጣ በሩ ተርገፈገፈ። ሩት «ማሚ!» አለች። ጽዮን አልሰማችም። «ማሚ! ማሚ!» ልጅቷ ተነሥታ ማዳመጫውን ከእናቷ ጆሮ ነጠቀችው። ጽዮን ቀና ስትል ሰንሰለቱ ተበጥሶ በሩ ግድግዳውን መታ።

ሰለሞን ነበር። በእጁ መዶሻ ይዟል።

«እህ? ቀይ ኮፍያ አጠገብ?» አላት።

ያችን ቃል ሰማኋት። ከእኔ እንደወጣች አወቅኳት።

ጽዮን መጀመሪያ ያሰበችው ልጆቿን ነው። «ሩት፣ ባዝሩም! ቆልፊ!» ብላ ጮኸች። ሩት ልድያን በሸሚዟ ጎትታ ሄደች፤ ፖሙ ወለል ላይ ተንከባለለ። እሱ ወደ ልጆቹ ሲዞር ጽዮን መሃል ገባች። መዶሻው ክንዷ ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው። አልጮኸችም። በሌላው እጇ ከምድጃው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንስታ አንገቱ ላይ ደፋችበት። እንደ ከብት አጓራ። ቆዳው ከደረቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ሲነሣ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሰው አልነበረም።

ፊቷን መታት። ከጠረጴዛው ጥግ ጋር ተላትማ ወደቀች። ተንበርክኮ ደገማት። አንድ ጥርስ ተፈናጥሮ ኮምፒውተሩ ፊት መጥቶ ቆመ፤ እኔን የሚያየኝ ይመስል እዚያው ቀረ። ከዚያ የማዳመጫዋን ሽቦ አንገቷ ላይ ጠመጠመና ሳበ። እግሯ ወንበሩን ይመታል፣ ይመታል፣ ይመታል።

በየሳጥኑ ልጆች ይጮኻሉ። እናቶች እየሮጡ ሲመጡ ፊታቸው አንድ ጊዜ ይታያል፣ አፋቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ሳጥኑ ይጠፋል። አንዱ ጠፋ፣ ሌላው ጠፋ። በመጨረሻ ሁለት ቀረን፤ እኔና ያ ቤት።

ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሰዓዳ ከመኝታዋ በባዶ እግሯ መጣች። በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። «ያ ረቢ» አለች። ቢላልንና ሀናንን እየገፋች አስወጣቻቸው፣ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ሽቦውን ለቀቀ። ጽዮን አትንቀሳቀስም። ሞተች አልኩ። ተነሣና መዶሻውን አንስቶ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄደ። አንድ ጊዜ መታው። ከውስጥ ልድያ «ዳዲ ፕሊስ! ዳዲ አይ ዊል ቢ ጉድ!» ትላለች። ይህን እንግሊዝኛ እኔም ሰማሁት፣ ማንም አልተረጎመልኝም።

በአገራችን ወንዶች ሲጋደሉ ባልቴት መቀነቷን ፈትታ መሃላቸው ትጥላለች። ያን የሚሻገር የለም። እኔ መቀነት አልነበረኝም። ሻሼን ከራሴ ላይ ገፈፍኩት። ባዕድ ወንድ ያላየው ሽበቴን ገልጬ፣ ሻሹን በሁለት እጄ ዘርግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ቆምኩና ጮኽኩ።

«ሰለሞን! ልጄ! እኔ ነኝ፣ ዘሀራ! ወደ እኔ ዙር!»

ዞረ። እውነት እላችኋለሁ፣ ዞረ። አየኝ። መዶሻው ከፍ እንዳለ ቆመ።

«መቀነቴን ጣልኩብህ! ከዚህ እንዳታልፍ! ሽማግሌ አጣሁ አላልክም? ይኸው እኔ አለሁልህ! ገና መመለሻ አለህ! ድምፃቸውን ልስማ ብለህ ለምነኸኝ የለም? ስማቸው! ያው ያለቅሳሉ!»

ወደ ጠረጴዛው መጣ። ሊሰብረኝ ነው አልኩ። ጎንበስ ሲል ፊቱ ሳጥኑን ሞላው። የተቀቀለ አንገቱ ይተናል፤ የሷ ደም ጺሙ ላይ ነው።

«ምን ይላሉ እማማ?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ደም ውስጥ አንቱ አለኝ።

ፍርድ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። አባቴ ያስታረቃቸውን ሰዎች ነገርኩት። ወንድሙን የገደለበትን ሰው በእጁ ያጎረሰ ሰው እንዳየሁ ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያስገባሁህ እኔ ነኝ፣ የምትመታ ከሆነ እኔን ምታ አልኩት። እያለቀስኩ ነው፣ ሻሹን አላወረድኩም።

«ምን ይላሉ?» አለ ደግሞ። «ምን?»

ደገምኩለት። ስንት ጊዜ እንደደገምኩ አላውቅም። ዓይኑ ከእኔ አልተነቀለም፤ አንዴ ቁልቁል ያያል፣ አንዴ እኔን። በስተኋላው ጽዮን ጣቷ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አልሞተችም! እንዳይዞር ብዬ ይብስ ጮኽኩ።

ከዚያ ውጪ ኮቴ መጣ። ፖሊሶቹ በተሰበረው በር ሲጮኹ ፊቱ ከሳጥኑ ወጣ። መዶሻውን ይዞ ወደ ልጆቹ በር ሲሮጥ አየሁ። ሦስት ጥይት። ሦስተኛው ከሁለቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የተተኮሰ። በሩ ሥር ወደቀ፤ ሩትና ልድያ ሲወጡ በላዩ ተሻግረው ነው የወጡት። አንድ ፖሊስ ተጠግቶ ኮምፒውተሩን አጠፈው። ጨለመ።

ሻሼን እንደዘረጋሁ ቆሜ ነበር። ሰዓዳ ናት ከእጄ ወስዳ ራሴ ላይ ያሰረችልኝ።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ መኪና ውስጥ ነገርኳት። ሁሉንም። ጥቁሩን ሳጥን፣ መስኮቱን፣ ኮፍያውን። ሀይዌዩ ዳር አቆመች። መሪውን በሁለት እጇ ደበደበችው፣ ደበደበችው፣ መኪኖች እያፏጩ ያልፋሉ።

«እማ፣ እሱ ሽማግሌ አልፈለገም! አድራሻ ነው የፈለገው!»

«አሁን ገባኝ።»

«አሁን ነው የገባሽ? አሁን?»

ሞተሩን አስነሥታ ነዳች። እንደደረስን ሰለሞን ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሞተ ነገሩን። መሞቱን ስሰማ ደስ ይለኝ እንደሁ ራሴን ጠይቄ ነበር፤ አላለኝም። ያ ሰው ያለቀሰልኝ ሰው ነው።

ጽዮንን ሁለት ቀን ሳያነቋት ቆዩ። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል፣ ክንዷ በብረት ተይዟል፣ አንዱ ዓይኗ ተሸፍኗል። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ በራሴ አፍ ነገርኳት። ሌላ ሰው ከሚነግራት ብዬ ነው። መናገር ስለማትችል ወረቀት ጠየቀች። ረጅም ጊዜ ወስዳ ጻፈች። ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ምን ያደርግልኛል፣ አላነብም። ለሰዓዳ ሰጠኋት። ሰዓዳ በዓይኗ አንብባ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አንብቢልኝ።»

«እማ…»

«አንብቢው!»

«‹ከዚህ ይውጡልኝ› ይላል» አለችኝ።

ወጣሁ። ከሁለት ዓመት በላይ ዓይኗን አላየሁም።

ሰባቱ ቤተሰብ ሊበተኑ ነበር። ኢንጂነሩ «ይሄ ነገር ይዘጋ፣ የልጆቻችንን ክፍል ለማናውቀው ሰው ነው የከፈትነው» አለ። ሌሎቹ ግን የትም አልሄዱም። ልጆቹ ያዩትን አይተዋል፤ አብረው ካላወሩት ከማን ጋር ያወሩታል? ደጁን አጠበቁት። ማንም ከሁለት እናት ፈቃድ ውጪ አይገባም፤ አሮጌ ሊንክ ሁሉ ተሰረዘ። የእኔን ሰዓት ግን ሐምራዊውን ማንም አላነሣውም። ባዶውን ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

እኔም በዚያ ጊዜ ፊደል ቆጠርኩ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከቢላል ጋር፣ ከአማርኛውም ከእንግሊዝኛውም። ሌላ ነገር ለማንበብ አልነበረም፤ ደጅ የቆመውን ሰው ስም ለማንበብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጽዮን ለሰዓዳ «ልጆቹ የእማማን ተረት ይጠይቁኛል» ብላ ጻፈችላት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። አሁንም አላለችም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ሐሙስ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩ፦ ሩት። ከዚያ ነው ሰማያዊዋን የተጫንኩ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ በተለይ እንደኔ ያረጃችሁ፤ እኛ የተጣላ ማስታረቅ እንወዳለን። አባቴ ሲያስታርቅ ግን ሁለቱም ወገን በሩን ያውቁታል፣ ሁለቱም ፈልገው ነው የሚመጡ። ከተደበቀች ሴት ተደብቄ ባሏን ማባበል ሽምግልና አልነበረም። ልቡ እስኪለሰልስ ብዬ ምስጢሩን ስይዝለት የሷን ምስጢር እያፈሰስኩ ነበር። ሴት ልጅ «ማሚ አትናገሪ ብላኛለች» ካለቻችሁ አታባብሏት። ዝም በሉ፣ ተራውን እለፉ። ማንበብ የማትችሉም ካላችሁ «አላነብም» በሉ። እኔ ያችን አንዲት ቃል አፍሬ ስውጥ ሰው አስበላሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያጽናናኝ። በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ «ፖሊስ እስኪደርስ በምላሷ ያቆመችው እሷ ናት፣ የአባጋር ልጅ!» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ኖርኩ። ያጠፋሁትን በአፌ መለስኩ፣ ቃሌ ልጆቹን አተረፈ እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ባለፈው ዒድ ጽዮን ከልጆቿ ጋር ቤታችን መጣች። ሩት በቁመት ከእናቷ በልጣለች። ከምሳ በኋላ እኔ፣ ሰዓዳና ጽዮን ብቻ ስንቀር፣ በምን አነሣሁት እንጃ፣ «ቃሌን ሰምቶ ቆመ እኮ፣ አላህ ይማረው» አልኩ። ሰዓዳና ጽዮን ተያዩ። ሰዓዳ አንገቷን ደፋች።

«እማ፣ ልነግርሽ ስል ስንት ዓመት ፈራሁ። ያኔ በትከሻሽ ላይ ጎንበስ ስል ድምፃችንን አጠፋሁት። ለፖሊስ አድራሻውን ስናገር እንዳይሰማኝ ብዬ። አንድም ቃልሽ እዚያ ቤት አልደረሰም።»

«ታዲያ እንዴት ዞረ?»

«ሻሽሽን አይቶ ይሆናላ።»

«ከዞረስ በኋላ? ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ቆሞ ምን ይሠራ ነበር?»

የመለሰችልኝ ጽዮን ናት። መንጋጋዋ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይከፈትም፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

«ወለል ላይ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አየው ነበር እማማ። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ የኮምፒውተሩን ቁልፎች እየነካካ፣ የእርስዎን ድምፅ ሲፈልግ ነበር።»